ሦስት ዓመት ያልዳነው የአናት ቁስል፦ ቆረቆር ነው ወይስ ሌላ?

ጥያቄ

«የ34 ዓመት ወንድ ነኝ፤ አዳማ ውስጥ ሚኒባስ አሽከረክራለሁ። ከሦስት ዓመት በፊት አናቴ ላይ መግል የቋጠሩ ትንንሽ ብጉሮች ወጡብኝ። ያሳክከኛል፣ ያቃጥለኛል፤ ጠዋት ስነሳ ትራሴ ላይ የደም ነጠብጣብ አገኛለሁ። ብጉሩ ሲደርቅ ቅርፊት ይሠራል፤ ቅርፊቱ ሲነሳ ፀጉሩንም ይዞ ይነሳል፤ ከዚያ ወዲያ ቦታው ላይ ምንም አይበቅልም። አሁን የቡና ስኒ አፍ የሚያህል ገላጣ ሆኗል። በገላጣው ዙሪያ ያለው ፀጉር ደግሞ እንደ ጥርስ ብሩሽ ከአንድ ቀዳዳ ብዙ ሆኖ ይወጣል። ክሊኒክ ሄጄ ቆረቆር ነው ተብዬ የፈንገስ ክኒን ለሁለት ወር ወሰድሁ፤ ለውጥ የለም። አሞክሲሲሊን ስውጥ ለጥቂት ቀናት ይደርቅና ስተወው ይመለሳል። ሶደሬም ተመላልሻለሁ። ባለቤቴ ወደ ልጆቹ እንዳይተላለፍ ሰግታ ትራሴን ለይታለች። ጥፋቱ የፀጉር አስተካካዩ ነው? ፀጉሬስ ተመልሶ ይበቅላል? ገንዘብ አጠራቅሜ ቱርክ ሄጄ ባስተክልስ?»

ምላሽ

ቆረቆር ነው ብዬ አላምንም። እንዲያውም ሦስቱን ዓመት የበላብዎት ይህ ስም ይመስለኛል። ቆረቆር በዋናነት የልጆች በሽታ ነው፤ በአገራችን ልጆች ራስ ላይ በብዛት የሚገኘው ፈንገስ ትራይኮፊተን ቪዮላሲየም ይባላል። ለአቅመ አዳም ሲደረስ የራስ ቆዳ ወዝ ስለሚበዛና ጠባዩም ስለሚለወጥ ፈንገሱ እንደ ልብ አይኖርም። አዋቂን ፈጽሞ አይዝም አልልም፤ ለዚህም ነው ከዚህ በታች የፈንገስ ምርመራውን እንዳይተዉት የማሳስብዎት። ነገር ግን ክኒኑን ሳያቋርጡ ሁለት ወር ወስደው ቅንጣት ለውጥ ካላዩ፣ ያንኑ ክኒን ለሦስተኛ ወር ከመጨመር በፊት ስሙን መጠራጠር ይቀድማል።

እርስዎን ሳላይ የምጽፈው ስለሆነ የመጨረሻው ቃል የላቦራቶሪው ነው። ቢሆንም ከነገሩኝ ሁሉ አንዷ ነገር ብቻዋን ብዙ ትናገራለች፤ እንደ ጥርስ ብሩሽ ከአንድ ቀዳዳ ተሰብስቦ የሚወጣው ፀጉር። በጤነኛ ራስ ላይ ከአንድ ቀዳዳ አንድ ወይም ሁለት፣ ቢበዛ ሦስትና አራት ፀጉር ይወጣል። በአንድ ቀዳዳ ከአምስት እስከ ሃያ ተሰብስበው ሲወጡ፣ በመካከላቸው የነበረው ቆዳ በጠባሳ ተጨማድዶ ጎረቤታሞቹን ቀዳዳዎች አንድ አድርጓቸዋል ማለት ነው። ይህ ከመግል፣ ከቅርፊትና ፀጉር ከማይበቅልበት ጠባሳ ጋር ሲደመር በቅድሚያ የምጠረጥረው ፎሊኩላይቲስ ዴካልቫንስ የሚባለውን በሽታ ነው። ስሙ የላቲን ነው፤ የፀጉር ከረጢትን አስቆጥቶ ራስን የሚያራቁት እንደ ማለት ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መገባደጃ ላይ ካንኮ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ገልጾታል። ብርቅ ነው፤ ጠባሳ ትተው ፀጉር ከሚያጠፉት በሽታዎች መካከል እንኳ ድርሻው ከአሥር አንድ ገደማ ነው። በወጣትነትና በጎልማሳነት ዕድሜ ይጀምራል፤ ወንዶች ላይ በመጠኑ ያይላል፤ የሚወደው ቦታም አናትና የኋላ ራስ ነው። አንድ የጤና ባለሙያ በሥራ ዘመኑ አንድም ሰው ላይ ሳያየው ጡረታ ሊወጣ ስለሚችል፣ በክሊኒክ ያዩዎት ሰው ባያውቁት አልፈርድባቸውም። የምፈርደው ሁለት ወር አልሠራ ያለ መድኃኒት እያለ ወደ ሌላ ሐኪም ሳይልኩዎት በመቅረታቸው ነው።

ፀጉርዎ ለምን እንደማይመለስ ለመረዳት ፀጉር ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ያስፈልጋል። እያንዳንዱ ፀጉር የሚበቅለው ቆዳ ውስጥ እንደ ጠባብ ጉርጓድ ከሰመጠ ከረጢት ነው። ፀጉሩን የሚያመርተው ክፍል ከታች፣ ከጉርጓዱ ወለል ላይ ይገኛል። ትልቁ ሀብት ግን ከዚያ ከፍ ብሎ፣ የወዝ ዕጢው ካለበት ትንሽ ዝቅ ብሎ የተቀመጠ ነው፤ ስቴም ሴል የሚባሉት እናት ሴሎች ያሉት እዚያ ነው። ፀጉር ዕድሜውን ጨርሶ በረገፈ ቁጥር አዲሱን የሚያስጀምሩት እነርሱ ናቸው። ብዙ ሰው የሚያውቀው ላሽ ሲይዝ የሚጠቃው የታችኛው ክፍል ነው፤ እናት ሴሎቹ ስለሚተርፉ ፀጉሩ በወራት ውስጥ የሚመለስበት ዕድል ሰፊ ነው። በእርስዎ በሽታ ብግነቱ፣ ማለትም የቆዳው መቆጣት፣ የሚያርፈው ላይኛው ክፍል ላይ፣ እናት ሴሎቹ ካሉበት ነው። እነርሱ ካለቁ ከረጢቱ በጠባሳ ይደፈናል። ሣር ሥሩ ካለ ክረምት ሲገባ ያቆጠቁጣል፤ ተመንግሎ ስሚንቶ ከፈሰሰበት ግን ዝናብም ማዳበሪያም አያነሳውም። የቡና ስኒ አፍ የሚያህለው ቦታ እንደዚያ ነው፤ ለስልሶ፣ አብረቅርቆ፣ የፀጉር ቀዳዳው ነጥብ ጠፍቶ ካዩት እዚያ ላይ ፀጉር አይጠብቁ። በገበያ ያለ ቅባትም ሆነ ፀጉር ለማብቀል የሚሸጠው ሚኖክሲዲል የሞተ ከረጢት አያስነሳም። ሕክምናው የሚታገለው ገና ቀይ ለሆነው፣ ለሚያሳክከውና መግል ለሚይዘው ዳር ነው። በሽታው ወደ ውጭ የሚሰፋው በዚያ በኩል ነውና።

መንስኤው ሙሉ በሙሉ የተፈታ አይደለም። ከቁስሉ በሚወሰድ መግል ላይ በአብዛኛው ስታፊሎኮከስ ኦሪየስ የሚባለው ባክቴሪያ ይገኛል። ይህ ባክቴሪያ ምንም ባላመማቸው ብዙ ሰዎች አፍንጫ ውስጥም ይኖራል። እነርሱን ያልነካ በእርስዎ አናት ላይ ለምን ይህን ያህል ሰልጥኖ ተቀመጠ ቢሉኝ፣ ባለው ግንዛቤ የሰውነትዎ መከላከያ ለባክቴሪያው የሚሰጠው ምላሽ ከልክ ያለፈ በመሆኑ ነው። ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን ሊያጠፉ ይጎርፋሉ፤ ባክቴሪያውን ትተው ቤቱን ያፈርሳሉ። አሞክሲሲሊን ሲውጡ ለቀናት የሚደርቀውና ሲተዉት የሚመለሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ባክቴሪያው ለጊዜው ቢቀንስም እሳቱ ከሥር አልጠፋም። ከዚህ የከፋው ደግሞ በየሁለት ወሩ ለአምስት ቀን የሚዋጥ አንቲባዮቲክ ባክቴሪያውን መድኃኒት የማስለመድ ሥራ መሥራቱ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በራስዎ አሞክሲሲሊን መግዛት ያቁሙ።

ባለቤትዎ ትራሱን ይመልሱት። በሽታው እንደ ቆረቆር ከራስ ወደ ራስ አይዘልም፤ በማበጠሪያ፣ በኮፍያ፣ ልጅን አቅፎ በመተኛትም አይጋባም። መግል የሚወጣበት ወቅት ላይ የትራስ ልብሱን ቶሎ ቶሎ በሙቅ ውኃ ማጠብ ተገቢ ነው፤ ያ ግን የንጽሕና ጉዳይ ነው። ፀጉር አስተካካዩም በዚህ ነገር ንጹሕ ነው። ምላጭ ወይም ማሽን ይህን በሽታ አይፈጥርም። ከቆዳ ሥር አስጠግቶ መላጨት ግን ያለውን ቁስል ያባብሳል፤ ስለዚህ በማሽን፣ ማበጠሪያው ተገጥሞለት፣ ቆዳው ሳይነካ ይቆረጡ። በዚሁ አጋጣሚ፣ በጋራ ምላጭ መላጨት ሌላ ዓይነት አደጋ አለው፤ በደም የሚተላለፉት እንደ ሄፓታይተስ ቢ ያሉ በሽታዎች ስላሉ የራስዎ ምላጭ ይኑርዎት። ይህ ለእርስዎ ብቻ የተባለ አይደለም።

ሶደሬን በተመለከተ፣ ለመዝናናት ቢሄዱ ማንም አይከለክልዎትም። ፍል ውኃው ቅርፊቱን ስለሚያለሰልስ ለአንድ ሁለት ቀን የተሻለዎት ሊመስል ይችላል። ቆዳ ውስጥ የገባውን ብግነት ግን አይደርስበትም፤ ክፍት ቁስል ይዞ ብዙ ሰው የሚዋኝበት ገንዳ ውስጥ መግባትም ለእርስዎም ለሌላውም አይበጅም። ጸበል ለሚሄዱም የምለው ይኸው ነው፤ ይሂዱ፣ መድኃኒቱን ግን አያቋርጡ። አጥብቄ የምቃወመው አናት ላይ ነጭ ሽንኩርት ፈጭቶ ማሰርን ነው። ነጭ ሽንኩርት ቆዳን እንደ እሳት ያቃጥላል፤ በሽታው ያልነካውን ከረጢት ሳይቀር አቃጥለው የሚመጡ ሰዎች አሉ፤ ከዚያ በኋላ የትኛው ጠባሳ የማን እንደሆነ መለየትም ያስቸግራል።

ይህን በሽታ የሚመስሉ ሌሎች አሉ። በአንገት ጀርባ፣ ፀጉር በሚያልቅበት መስመር ላይ የሚወጡ ጠንካራ ጉብታዎች ሌላ በሽታ ናቸው፤ እንደ እርስዎ አናት ላይ አይጀምሩም። እባጮቹ ጠልቀው፣ ከቆዳ ሥር በመተላለፊያ ተያይዘው፣ አንዱ ሲጫን በሌላው በኩል መግል የሚወጣ ከሆነም ስሙ ይለያል። የሰውነት መከላከያ የራሱን አካል የሚያጠቃበት ሉፐስ የሚባለው በሽታም አናት ላይ ጠባሳ ይተዋል፤ ቆዳው መሐሉ ነጥቶ ዳሩ ሲጠቁርና ጆሮ ወይም ፊት ላይም ምልክት ሲኖር እርሱን እንጠረጥራለን። ይህን ለሚያነቡ ሴቶችም አንድ ነገር ልጨምር። አናት መሐል ላይ ያለ መግልና ያለ ብጉር ቀስ እያለ የሚሳሳና እየሰፋ የሚሄድ ገላጣ ካያችሁ፣ «ሹሩባው ጠብቆብኝ ነው» ብላችሁ ዓመታት አትጠብቁ። በአፍሪካውያን ሴቶች ላይ የሚበዛ፣ እርሱም ጠባሳ የሚተው ሌላ በሽታ አለ፤ ብዙውን ጊዜ ሕመም ስለሌለው ዝም ብሎ ብዙ ቦታ ይወስዳል።

እነዚህን ሁሉ የሚለየው ባዮፕሲ ነው። ሰው ስሙን ሲሰማ ካንሰር የተባለ ይመስለውና ይፈራል። የሚደረገው ቆዳውን በመርፌ ካደነዘዙ በኋላ አራት ሚሊ ሜትር ስፋት ያላትን ቁራጭ በክብ መቁረጫ ማውጣት ነው። በአንድ ወይም በሁለት ስፌት ይዘጋል፤ በዚያው ዕለት ወደ ቤትዎ ይመለሳሉ። ትልቁ ቁም ነገር ናሙናው የሚወሰድበት ቦታ ነው። ከገላጣው መሐል ከተወሰደ ላቦራቶሪው የሚያየው ጠባሳ ብቻ ነው፤ ውጤቱም «ጠባሳ ነው» ይላል፤ ያንን እርስዎም በመስታወት አይተውታል። መወሰድ ያለበት በሽታው አሁን ከሚሠራበት፣ ቀይ ሆኖ ፀጉር ካለበት ዳር ነው። ቢቻል ሁለት ቁራጭ ተወስዶ አንዱ በአግድም አንዱ በቁመት ቢሰነጠቅ ንባቡ የተሻለ ይሆናል። ከዚሁ ጋር ያልፈነዳ ብጉር ተከፍቶ መግሉ ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለመለየት፣ ይላክ፤ ከአፍንጫም ናሙና ይወሰድ፤ የትኛው መድኃኒት እንደሚሠራበትም አብሮ ይመርመር። ቅርፊትና ጥቂት የተነቀለ ፀጉር ደግሞ ለፈንገስ በማይክሮስኮፕ ይታይ፤ የቆረቆሩ ጥያቄ በአብዛኛው በዚያ ይዘጋል። ስኳርና ኤች አይ ቪም ይመርመሩ። ይህን የምለው ጠርጥሬዎት አይደለም፤ አልድን ያለ የቆዳ ኢንፌክሽን ያለበትን ሰው ሁሉ የምጠይቀው ነው፤ የመድኃኒት ምርጫውም በውጤቱ ይወሰናል።

በሽታው ይኸው ሆኖ ከተገኘ፣ እኔ የምጀምረው ዶክሲሳይክሊን በሚባለው አንቲባዮቲክ ነው። ባክቴሪያውን ከመቀነሱም በላይ ብግነቱን ራሱን ስለሚያበርድ ነው የምመርጠው። የሚወሰደው ለአምስት ቀን ሳይሆን ለወራት ነው፤ ለውጡን ለመመዘንም ቢያንስ ሦስት ወር ያህል መታገሥ ያስፈልጋል። ክኒኑን በአንድ ሙሉ ብርጭቆ ውኃ ይዋጡትና ወዲያው ጋደም አይበሉ፤ ጉሮሮ ላይ ከቀረ ያቆስላል። ከወተት፣ ከብረት ክኒንና ከጨጓራ ማስታገሻ ጋር አይውሰዱት፤ አይሠራም። ቆዳን ለፀሐይ ስለሚያጋልጥም የአዳማ ፀሐይ በመስኮት በኩል የሚያርፍበት የግራ ክንድዎ ሊቃጠል ይችላል፤ እጅጌ ያለው ልብስ ይልበሱ። ለነፍሰ ጡርና ለትንንሽ ልጆች የማይሰጥ ስለሆነ ቤት ውስጥ ላለ ሌላ ሰው አያካፍሉ። ከክኒኑ ጎን ለጎን ዳሩ ላይ የሚቀባ፣ ብግነት የሚያበርድ ጠንካራ የስቴሮይድ መድኃኒት ይታዘዛል፤ ብግነቱ ካየለም ትራያምሲኖሎን የሚባል መድኃኒት በየጥቂት ሳምንቱ ዳር ዳሩን በመርፌ ይሰጣል። ስቴሮይድ ያለ አንቲባዮቲክ ብቻውን ለወራት መቀባት ግን ባክቴሪያውን ያደልባል፤ ቆዳንም ያሳሳል። ፋርማሲ ውስጥ «ለሁሉም ይሆናል» ተብለው የሚሸጡትን ድብልቅ ቅባቶች በዚህ ምክንያት አልወዳቸውም።

ስለ በሽታው ያነበበ ሰው የሚያነሳው ሪፋምፒሲንና ክሊንዳማይሲን የሚባሉት አንቲባዮቲኮች ተጣምረው ለ10 ሳምንት የሚሰጡበትን ሕክምና ነው። እውነት ነው፣ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ1999 ከእንግሊዝ በወጣ ጥናት ከ18 ሕሙማን 10ሩ በአንድ ዙር፣ በጠቅላላው 15ቱ ደግሞ በሁለት ወይም በሦስት ዙር ጥሩ ለውጥ አሳይተዋል። ጥናቱ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በሽታው ራሱ ብርቅ ስለሆነ ብዙ ሕሙማን ያቀፈ ጥናት ማግኘት ይከብዳል። እኔን የሚያሳስበኝ ሌላ ነው። ሪፋምፒሲን በአገራችን የሳንባ ነቀርሳና የሥጋ ደዌ ዋና መድኃኒት ነው። ሳይታወቅ ነቀርሳ ያለበት ሰው ለአናቱ ብሎ ቢወስደው በሽታው መድኃኒቱን ይለምድና ከእርሱ አልፎ ቤተሰቡን ያስቸግራል። ስለዚህ ከመጀመሩ በፊት የደረት ምርመራ የግድ ነው። ከዚህም ሌላ ጉበትን ሊጎዳ፣ የወሊድ መከላከያ ክኒንንና አንዳንድ የኤች አይ ቪ መድኃኒቶችን ሊያደክም ይችላል፤ ሽንትንም እንደ ብርቱካን ጭማቂ ያቀላል። ዶክሲሳይክሊን ካቃተው በኋላ በቆዳ ሐኪም እጅ ብቻ የሚሰጥ ሁለተኛ አማራጭ አድርጌ ነው የማየው። ለብጉር የሚሰጠው አይሶትሬቲኖይንም አንዳንዶችን ረድቷል፤ የጉበትና የደም ቅባት ምርመራ ይፈልጋል፤ ማርገዝ ለምትችል ሴት ደግሞ ፅንስን ክፉኛ ስለሚጎዳ ያለ ጥብቅ ቁጥጥር አይሰጥም። ከእነዚህ በላይ ያሉት ዘመናዊ መርፌዎች ዋጋቸው የብዙዎቻችንን ኪስ ይሻገራል።

አንድ ነገር አስቀድመው ይወቁ። ይህ በሽታ ተኝቶ የሚነሳ ነው። መድኃኒቱ ሲሠራ መግሉ ይደርቃል፣ ማሳከኩ ይቆማል፣ ገላጣው መስፋቱን ያቆማል፤ ከዚያ ከወራት ወይም ከዓመት በኋላ አንድ ብጉር ብቅ ሊል ይችላል። ያን ጊዜ «መድኃኒቱ አልሠራም» ብለው ተስፋ አይቁረጡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ቢመጡ በትንሽ ሕክምና ይመለሳል። በየወሩ በአንድ ዓይነት ብርሃን፣ ከጎኑ ሳንቲም አስቀምጠው በስልክዎ ፎቶ ያንሱት፤ መስፋት አለመስፋቱን ዓይን ይረሳል፣ ፎቶ አይረሳም። ኮፍያ ማድረግ ነውር የለውም፤ ፀሐይም ይከላከላል። ጥብቅ የሆነና ላብ የሚያፍን ከሆነ ግን በተራ ላይ ቆመው ተሳፋሪ ሲጠብቁ አውልቀው ያናፍሱት፤ ቶሎ ቶሎም ይጠብ። ጠባሳው ላይ የማይድን ቁስል ወይም የሚያድግ ሥጋ ካዩ ወዲያው ይምጡ፤ እጅግ ብርቅ ቢሆንም ለዓመታት በተቆጣ ጠባሳ ላይ የቆዳ ካንሰር ሊነሳ ይችላል።

ቱርክን በሚመለከት መልሴ አጭር ነው፤ አሁን አይሂዱ። በሽታው እየሠራ ባለበት ራስ ላይ የሚተከል ፀጉር ለእሳቱ ተጨማሪ እንጨት ነው፤ ቀዶ ሕክምናው ራሱ የተኛውን በሽታ ሊቀሰቅስ ይችላል። ጠባሳ የደም ዝውውሩ ደካማ ስለሆነም ከተተከለው ውስጥ የሚይዘው ከተለመደው ያነሰ ነው። በሽታው ቢያንስ አንድ ሁለት ዓመት ያለ መድኃኒት ጸጥ ካለና ያንን በሐኪም ካረጋገጡ በኋላ፣ በትንሽ ቦታ ላይ ሞክሮ ማየት ይቻላል። ማስታወቂያ አይተው ፎቶ በስልክ ልከው «ይቻላል፣ ይምጡ» የሚል መልስ ቢያገኙ፣ ባዮፕሲ ሳይጠይቁ የተቀበሉዎት ሰዎች የሚያዩት አናትዎን ሳይሆን ቦርሳዎን ነው።

ስለዚህ በዚህ ወር ውስጥ አንድ ቀን ሥራ ያቁሙ። አዳማ ውስጥ የቆዳ ስፔሻሊስት ካገኙ እዚያው ይታዩ፤ ባዮፕሲ የማይሠራ ከሆነ የሪፈር ወረቀት ይዘው አዲስ አበባ ወደ አለርት ሆስፒታል ይሂዱ፤ መንገዱን ከእኔ በላይ እርስዎ ያውቁታል። ከቀጠሮው በፊት ላሉት ጥቂት ሳምንታት ምንም አንቲባዮቲክ አይውሰዱ፣ ራስዎን አይላጩ፣ ቅርፊቱንም አያንሱ፤ ሐኪሙ በሽታውን እንዳለ ሊያየው ይገባል። ትኩሳት ከያዘዎት ወይም ቁስሉ በድንገት ካበጠ ግን ቀጠሮ ሳይጠብቁ ይሂዱ። እስካሁን የወሰዷቸውን መድኃኒቶች ባዶ ፓኮ ሳይቀር ይዘው ይግቡ። ተቀብሎ የሚያይዎት ሰው ፀጉሩን ሳይገልጥ፣ ቆዳውን ሳይነካ ማዘዣ መጻፍ ከጀመረ በትሕትና ያስቁሙትና ጎንበስ ብለው ዳሩን፣ ያንን ከአንድ ቀዳዳ ብዙ ሆኖ የሚወጣውን ፀጉር፣ በጣትዎ ያሳዩት።